ሙከራው ቀይ ሲሆን ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት

ባለፈው እረፍት የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ከየቤታችን ነበር የምንሠራው፤ ሁለታችን ሐይቅ፣ አንዱ ወንድማችን አምባሰል ውጫሌ። ኮዱን በሞባይል ዳታ ወደ ጊትሃብ እንልካለን፣ አውቶማቲክ ሙከራው እዚያ ይካሄዳል። አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ ቀይ ምልክት መጣ። ሁለት ሌሊት የገዛ ኮዳችንን ስንፈትሽ አደርን፤ ዳታውም አለቀ። ለካ ሙከራው ገና አልጀመረም ነበር! የወደቀው ኮዱ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ሲጫኑ ነው።

የሙከራው ማሽን ሁልጊዜ ባዶውን ይነሳል። ላፕቶፓችሁ ላይ ከወራት በፊት የጫናችሁት እዚያ የለም፤ ሁሉንም እንደ አዲስ ያወርዳል። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» ማለት ምንም አያስረዳም። ሎጉን ከፍታችሁ መጀመሪያ የወጣውን ስህተት ፈልጉ። 404 ካለ በዚያ ስም ወይም ቨርዥን የተቀመጠ ነገር የለም። ታይምአውት ከሆነ ኔትወርክ ነው፤ ድገሙት። የእኛ ግን የቨርዥን ግጭት ነበር፦ ቁጥር ስላልወሰንን ማሽኑ በዚያው ሳምንት የወጣውን አዲስ ቨርዥን አመጣ፣ እሱም ከሌላው ጋር አልተስማማም።

በሌሎችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016 አንድ ፕሮግራመር ሌፍት-ፓድ የተባለች የ11 መስመር ኮዱን ከኤንፒኤም ሲያነሳ፣ ባቤልን ጨምሮ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መጫን አቃታቸው። አብዛኞቹ በእሷ መደገፋቸውን እንኳ አያውቁም ነበር።

መፍትሔው ቨርዥኑን መቆለፍ ነው። በጃቫስክሪፕት የምትሠሩ የሎክ ፋይሉን ከኮዱ ጋር ላኩ፤ ሙከራው ላይም «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» ጻፉ። ይህኛው በሎክ ፋይሉ ያለውን ብቻ ይጭናል፤ ከፓኬጅ ፋይሉ ጋር ካልተጣጣመ እምቢ ይላል። እምቢታው ያናድዳል፣ ግን የምንፈልገው እሱን ነው። ፓይተን ከሆነ በሪኳየርመንትስ ፋይሉ ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ በሁለት የእኩል ምልክት ቁጥሩን ጻፉ። «ፒፕ ፍሪዝ» ይህን ያወጣላችኋል፤ ነገር ግን ከንጹህ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ውስጥ ካልሆነ በላፕቶፓችሁ ያለውን ኮተት ሁሉ ይዘረግፈዋል።

ወደ ሐይቅ ወይም ውጫሌ የምትሄዱ ደግሞ ደሴ ዋይፋይ ባለበት «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ ላይብረሪዎቹን ፍላሽ ላይ ያዙ። ቤት ስትደርሱ ፒፕ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚያ ፎልደር እንዲጭን ማዘዝ ይቻላል፤ ኮዱን ከመላካችሁ በፊትም ሙከራውን እዚያው ታካሂዳላችሁ። አንድ ጥንቃቄ፦ የምታወርዱበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ፣ የእናንተው ሊኑክስ ከሆነ ወይም የፓይተን ቨርዥናቸው ከተለያየ፣ ከያዛችሁት አንዳንዱ ላይጫን ይችላል። በራሳችሁ ላፕቶፕ አውርዱት።