ትኩስ ሽሮ በፌስታል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ከምግብ ቤት ሽሮ እየተንተከተከ በፌስታል ቋጥረውልኝ ይዤ እገባለሁ። ንጥር ቅቤ የማስቀምጠው ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ነው። የሰባት ወር ልጄም የዱቄት ወተት የምትጠጣው በፕላስቲክ ጡጦ ነው። ጎረቤቴ «ፕላስቲክ ካንሰር ያመጣል» አለችኝ። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። እንዲለሰልስ፣ እንዲጠነክር ወይም ቀለም እንዲይዝ የተለያዩ ኬሚካሎች ይገቡበታል። አንዳንዶቹ በደንብ ስለማይጣበቁ ቀስ በቀስ እየለቀቁ ወደ ምግቡ ያልፋሉ። ይህን የሚያፋጥኑት ሙቀት፣ ቅባት፣ ጎምዛዛነትና ረጅም ቆይታ ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ በንጹሕ ሃይላንድ መጠጣት ብዙም አያሳስብም። ዘይት የበዛበት ትኩስ ሽሮ ግን ሙቀቱንም ቅባቱንም አንድ ላይ ይዟል። ፌስታል ደግሞ በአብዛኛው ለዕቃ መያዣ እንጂ ለምግብ ተብሎ አይሠራም፤ በተለይ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ካገለገለ ፕላስቲክ ቀልጦ የሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ካንሰሩስ?

መልስ፦ በፌስታል የበላ ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስበን የሆርሞን መዛባት ነው። ጠንካራና ብርሃን አስተላላፊ በሆነ ፕላስቲክና በቆርቆሮ ምግብ የውስጥ ሽፋን ውስጥ የሚገኘው ቢስፌኖል ኤ፣ እንዲሁም ፕላስቲክን የሚያለሰልሱት ፍታሌቶች የሆርሞኖችን ሥራ ያውካሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው በቀን ቢወስደው አይጎዳውም የሚባለውን የቢስፌኖል ኤ መጠን በ20 ሺህ እጥፍ ዝቅ አድርጎታል። በነጩ የፎም ሣህን ውስጥ ያለው ስታይሪን ደግሞ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከተባሉት መካከል ተመድቧል። ከሣህኑ ወደ ምግብ የሚያልፈው መጠን የፋብሪካ ሠራተኞች ከሚተነፍሱት በጣም ያነሰ ቢሆንም፣ ትኩስ ምግብ ባይቀመጥበት ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ለልጄስ?

መልስ፦ ጥንቃቄው መቅደም ያለበት ለእሷ ነው። ሕፃናት ከክብደታቸው አንፃር ከእኛ የበለጠ ይበላሉ፤ ሰውነታቸውም ገና እያደገ ነው። ቢስፌኖል ኤ ያለበት ጡጦ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአሜሪካም በ2012 ተከልክሏል። ጡት የሚያጠቡ ከሆነ ይቀጥሉ። የዱቄት ወተቱን በብርጭቆ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ ይበጥብጡት። ጀርም እንዲሞት ውሃው ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማነስ ስለሌለበት፣ ፕላስቲክ ፈርተው ለብ ባለ ውሃ እንዳይበጠብጡ አደራ። ወተቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ጡጦው ይገልብጡት። የተጫረና የደበዘዘ ጡጦ ይቀይሩ፤ የብርጭቆ ጡጦ ካገኙ ደግሞ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከትኩሱና ከቅባታማው። ወደ ምግብ ቤት የራስዎን የብረት ምሳ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ንጥር ቅቤዎን በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ትኩስ ቅቤ ሲጨመርበት ሃይላንዱ ተጨማዶ አይተው ከሆነ ሙቀቱን እንዳልቻለው ራሱ ነግሮዎታል። ምግብ በፕላስቲክ አድርገው ማይክሮዌቭ ውስጥ አያሙቁ። ፕላስቲክ ዕቃ ሲገዙ ሥሩ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ያለውን ቁጥር ይዩ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ 3፣ 6 እና 7 ቁጥሮችን እንድናስወግድ ይመክራል። ለምግብ በአንጻሩ የሚሻሉት 2፣ 4 እና 5 ናቸው።

እስካሁን በበሉት አይጨነቁ፤ ምርመራም አያስፈልግዎትም። ቢስፌኖል ኤ በአብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ በሽንት ይወጣል። የሚጎዳን በየቀኑ የምንጨምርበት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የቀነሱት ነገ ይጠቅምዎታል።