ስም ወንጀል የሚሆንበት ኬላ

ከአገር ወጥቶ የማያውቅ ሙስሊም እንኳ ይህን ነገር ከዘመድ አፍ ሰምቶታል። ፓስፖርቱ ላይ መሐመድ ወይም ኸዲጃ የሚል ስም የሰፈረበት መንገደኛ ከሰልፉ ተለይቶ ወደ ጎን ይወሰዳል። አብሮት የመጣው ተሳፋሪ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እርሱ ስለሚሰግድበት መስጊድ፣ ስለ ኢማሙ፣ ስለ ወንድሞቹ ብዛት ይጠየቃል። ይህ የአንዳንድ ክፉ ሠራተኞች ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን በመመሪያ የተሠራበት ጉዳይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 በጀመረችው የምዝገባ ሥርዓት የ25 አገሮች ዜጎች የሆኑ ወንዶች እየቀረቡ አሻራ እንዲሰጡና እንዲመረመሩ ታዘዙ። ሰሜን ኮሪያን ወደ ጎን ብንተው ዝርዝሩ የሙስሊም አገሮች ዝርዝር ነበር ማለት ይቻላል፤ ጎረቤቶቻችን ሱዳን፣ ሶማሊያና ኤርትራም ገብተውበታል። ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ከ13 ሺህ በላይ የሚሆነው ከአገር እንዲወጣ ጉዳዩ ተከፈተበት። በሽብር ወንጀል የተፈረደበት ግን አንድም አልተገኘም። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታግዶ በ2016 መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲሰረዝ፣ ብዙም ሳይቆይ በጥር 2017 የሰባት ሙስሊም አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ የሚከለክለው ትእዛዝ ወጣ። እርሱም በ2021 ተሽሮ በ2025 ሌላ ረዘም ያለ ዝርዝር ተተካ።

በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ብዙ አዝነናል። ለመሆኑ ይህ መለኪያ በፈረንጅ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነውን ያለው?

እስቲ ወደ ዝቋላ ልውሰዳችሁ። ዝቋላ ስል የቢሾፍቱው ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ ማዶ ያለውን ቆላማ ወረዳ ማለቴ ነው። የአገሬው ሰው አፉን የፈታው በኽምጣኛ ነው። ገበያውና ዝምድናው ከትግራይ ጋር ስለሚያገናኘው ትግርኛም ይሰማል፤ አማርኛውንም በራሱ ቅላፄ ይናገረዋል። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በስምምነት ከቆመ በኋላ ለዘገባ ሥራ ወደዚያ ሄጄ ስመለስ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት የዝቋላ ልጅ ነበር። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ጠባቂው ወጣቱን ሁለት ቃል አናግሮ «አማርኛህ የትግሬ ነው» በማለት ለብቻው አቆመው። መታወቂያው ዝቋላ ይላል፤ ማን ይመን! የእኔን ተቀበለና ስሜን አንብቦ፣ «ሙስሊም ነህ፤ አንተን አይመለከትህም፣ ግባ» አለኝ። ወጣቱ ለሥራ የሚሄድ መሆኑን፣ አብረን ከሰቆጣ መሳፈራችንን ነገርኩት። ሾፌሩም መሰከረለት። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ተለቀቀ።

ውድ አንባቢ! በዚያች ኬላ ላይ ያሳለፈኝና በሌላ አገር በር ላይ ሊያስቆመኝ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ስሜ። ጠባቂው ስለ እኔ ምንም አያውቅም ነበር። ሻንጣዬን አልከፈተም፤ ሥራዬንም አልጠየቀም። በዚህ መለኪያ የተጠቀመ ሰው ነገ ሚዛኑ ሲገለበጥ የሚጮኽበት አፍ ከየት ያመጣል?

ነገሩ የአንድ ኬላ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገና በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ተለይተው ከሥራ እንዲወጡ መደረጋቸውና ለሥራ፣ ለሕክምናም ሆነ ለትምህርት ወደ ውጭ እንዳይጓዙ መከልከላቸው እንዳሳሰበው ገልጾ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በአዲስ አበባ የሚካሄደው እስር ብሔርን የተከተለ እንደሚመስል ያው ኮሚሽን ተናግሯል። ከሁሉ ይልቅ እኛን ሊያስደነግጠን የሚገባው ግን ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ወገኖች ጉዳይ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ እስር ቤቶች ተሰቃይተው የተመለሱ የትግራይ ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ኬላዎችና በሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ እየተለዩ ዳግም መታሰራቸውን አስፍሯል። በባዕድ አገር ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ታሰሩ፤ በአገራቸው ደግሞ ኢትዮጵያዊነታቸው ተጠረጠረ። ተራው እንደሚዞር ለማየትም ረጅም ጊዜ አልፈጀም። በ2015 ዓ.ም. ከአማራ ክልል ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ መንገደኞች ከከተማዋ መዳረሻ ላይ መታወቂያቸው እየታየ ይመለሱ ነበር። ከእነርሱ መካከል ስንት የወሎ ሙስሊም እንደነበረ አላህ ያውቃል።

የአገራችን ሙስሊም ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። በንጉሡ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባልን በአባቶቻችን አገር እንደ እንግዳ እንታይ ነበር። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው ሰልፍ አንዱ መነሻ ይኸው ነበር።

ወደ ዲናችን ስንመለስ መልሱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደዚህች ምድር የተሰደዱት ሶሐቦች ምን ነበሩ? ዐረቦች፣ ሙስሊሞች፣ በዚያ ላይ መንገደኞች። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው የቤተ መንግሥቱን ሰዎች በስጦታ አለሰለሱ፤ እነርሱም ስደተኞቹ ሳይሰሙ ተላልፈው ይሰጡ ዘንድ ንጉሡን መከሩ። ነጃሺ ግን ሳላነጋግራቸው አይሆንም አለ። አስጠራቸው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተናገረ፤ ስጦታውም ለአምጪዎቹ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ያደረገው ትልቁ ነገር ጥገኝነት ከመስጠቱ በፊት የመጣ ነው። ሰዎቹን ራሳቸውን ጠየቀ።

በሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው ክፍል የወረደበትን ምክንያት ሙፈሲሮች ሲያወሱ ከሚጠቅሱት ዘገባ አንዱ ደግሞ ይህ ነው። በመዲና ከሙስሊሞች ወገን የሆነ ሰው ጥሩር ሰረቀና ጥርጣሬው ሲቀርበው ዕቃውን ወደ አንድ የሁዲ ቤት አሻገረው። ጎሳዎቹም ለወገናቸው ሊሟገቱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረቡ። ጊዜው በሙስሊሞችና በየሁዶች መካከል መተማመን የሳሳበት ስለነበር ክሱ በቀላሉ የሚታመን ነበር። የወረደው ቃል ግን የሁዲውን ነፃ አወጣ፤ ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንንም ከለከለ። የሰውየው ሃይማኖት ማስረጃ አልሆነም። ፉቀሃዎቻችን የሰው ልጅ መነሻው ከዕዳ ነፃ መሆኑ ነው ብለው የደነገጉትም በማስረጃ እስካልተሻረ ድረስ ለሁሉም የሚሠራ መርሕ ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ ፍተሻ ይቅር? ጦርነት ባለበት አገር!» ይል ይሆናል። ፍተሻ ይቅር ያለ የለም። መንገዱ ላይ ጥይትና ቦምብ ያልፋል፤ ሰው ይታገታል። ነገር ግን የሁሉም ተሳፋሪ ሻንጣ ቢፈተሽ ሁሉም በትዕግሥት ይቆማል። ቅላፄን እየሰሙ ሰው መለየት ደግሞ መሣሪያ የያዘውን ሰው አያስገኝም። መሣሪያ የሚያሻግር ሰው መጀመሪያ የሚያሰናዳው የማያስጠረጥር መታወቂያና የማያስጠረጥር አፍ ነው። የአሜሪካው ምዝገባ 80 ሺህ ሰው ሰብስቦ ባዶ እጁን የቀረው ለምን እንደሆነ ማሰብ ይበቃል።

በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸደቀው የፋይዳ መታወቂያ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ብሔር የተጻፈበት የቀበሌ ወረቀት በኬላ ስንት ሰው እንዳስወረደ ለምናውቅ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ስም ከነአባቱ ይጻፋል፤ ቅላፄም ከምላስ አይፋቅም። ስለዚህ የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን ልጆቻችን በውጭ አገር በር ላይ ሲንገላቱ አቤቱታ እንደሚያሰባስቡ ሁሉ፣ በአገር ቤት ኬላ በማንነቱ የቆመውን መንገደኛ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ቃሉን ይመዝግቡለት። ቀኑን፣ የኬላውን ቦታ፣ የተጠየቀውን ጥያቄ፣ የቆየበትን ሰዓት፤ ዐይተው ሊመሰክሩለት የሚችሉ አብሮ ተሳፋሪዎች ካሉም እነርሱን ጨምረው።