የሒሳብ ትምህርት በኢትዮጵያ እንደ ምን እንደ ተለወጠ

ሒሳብ ለኢትዮጵያ ልጅ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር የአባቶችን ጉባኤ ቤት ካለማወቅ የመጣ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ደቀ መዝሙር ማባዛትንና ማካፈልን፥ ይልቁንም ከማካፈል የሚተርፈውን ቁጥር ለይቶ መያዝን ያውቅ ነበር።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ያገኛል፤ ይህንም በ19 ገድፎ፥ ከተረፈው ላይ ገና ስላልተፈጸመው ዘመን አንድ አንሥቶ ወንበሩን ይይዛል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ የተረፈው አበቅቴ፥ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ የተረፈው መጥቅዕ ይባላል። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ነው። በ19 ቢገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱ ሲነሣ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 ጊዜ 11፥ 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። 11 ጊዜ 19፥ 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ በማናቸውም ዓመት ቢሆን ከዚህ አያልፉም፥ አይጎድሉምም።

የግእዝ ቁጥር ለባዶ ምልክት ስለሌለው፥ ቁጥርን ከቁጥር በታች ደርድሮ ማባዛት አይመችበትም። ስለዚህ ሥራው በቃል ጥናት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከደቀ መዝሙሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ሳይሳሳት ማድረስ እንጂ ምክንያቱን መግለጥ አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የዳግማዊ ምኒልክ፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ፥ ዛሬ የተለመደው አኃዝ ከነባዶው ወደ ክፍል ገባ። ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ አዋቂ በቃሉ የሚደክምበትን ማባዛት ሕፃን በሰሌዳ ላይ ይሠራዋልና። ነገር ግን ትምህርቱ በውጭ አገር ቋንቋ ስለ ነበረ፥ ልጁ ከቁጥሩ በፊት ከቃሉ ጋር ይታገል ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ይህ ሸክም አማርኛ ለሚናገረው ልጅ ቀለለ፤ ለሌላው ልጅ ግን የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን እስኪፈቅድ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኡጋንዳ አገር በእንቴቤ ከተማ የአፍሪካና የውጭ አገር ሊቃውንት ተሰብስበው አዲስ የሒሳብ መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመሩ፤ ኢትዮጵያም ከተካፈሉት አገሮች አንዲቱ ነበረች። ዓላማው ልጅ ሥርዐቱን ከመሸምደድ ይልቅ ምክንያቱን እንዲያስተውል ነው፤ የስብስብ ትምህርትም ስለዚህ ገባ። ዐሳቡ መልካም ነበረ፤ ሆኖም መምህሩን ራሱ ያልተማረውን አስተምር ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ፥ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ሕዝቡም ፕላዝማ ብሎ ጠራው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ያላስተዋለ ተማሪ እጁን ቢያወጣ የቴሌቪዥኑ መምህር አያየውም። በክፍሉ የቆመው መምህር ያየዋል፤ ነገር ግን ጊዜው የእርሱ አልነበረም።

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህር አሮጌውንና አዲሱን የሚያገናኝ ሥራ ቅርብ ነው። አበቅቴንና መጥቅዕን በሰሌዳ ላይ ጽፎ፦ ድምራቸው ስለ ምን 30 ይሆናል? ብሎ ልጆቹን ይጠይቅ፤ መልሱንም ፈጥኖ አይንገራቸው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ስለዚህ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፥ ደግሞም በ19 ተባዝቶ ሁለቱ ቢደመሩ፥ ወንበሩ በ30 እንደ ተባዛ ይቈጠራል፤ በ30 ሲገደፍም ምንም አይተርፍም። እያንዳንዱ ትርፍ ከ30 ያነሰ ስለ ሆነ፥ ድምራቸው ወይ ባዶ ወይ 30 ከመሆን በቀር ሌላ አይሆንም። ወንበሩ ባዶ በሆነበት ዓመት፥ እንደ 2006 ዓ.ም.፥ አበቅቴው አልቦ ተብሎ መጥቅዑ 30 ይያዛል፤ ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ የመንደሩ መሪጌታ ወደ ክፍል ተጠርተው ለልጆቹ ቢያስረዱ መልካም ነው።