አቡነ ኢየሱስ ሞዐና በወንጌላቸው ላይ የቀረው ጽሑፍ



በቤተ መቅደስ ወንጌልን ከፍተን ስናነብ ዓይናችን ወደ ዕለቱ ምንባብ ይሄዳል እንጂ፣ በባዶው ቅጠል ላይ ከጥንት ጀምሮ ወደ ተጻፈው ጥቂት መስመር አይመለስም። ነገር ግን አንድ ካህን ከአገሩ ታሪክ ጋራ የነበረው ግንኙነት በብዙ ስፍራ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ትንሽ ጽሑፍ ነው። ለዚህም ነገር ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ምስክር የሚሆኑን የሐይቅ እስጢፋኖሱ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው።

ከጎብዬ ተነሥቶ በወልድያ፣ በመርሳና በውጫሌ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ፣ ደሴ ሳይደርስ የሐይቅን ባሕር ያገኛል። ስማቸው ሲተረጐም «ኢየሱስ አሸነፈ» ማለት የሆነው እኒህ አባት ገድላቸው እንደሚናገረው የተወለዱት በዳኅና ነው። ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ እጅ መነኰሱ። በ1240 ዓ.ም. ገደማ፣ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1248፣ ወደ ሐይቅ መጥተው በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የአንድነት ገዳምንና የትምህርት ቤትን አቋቋሙ። ከዚህ ቤት ከወጡት ደቀ መዛሙርት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም የዚሁ ቤት ፍሬ ናቸው። የሐይቅ አበምኔቶችም «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባሉ በቤተ መንግሥት ትልቅ ማዕርግ ነበራቸው።

በሌላም አገር ካህናት የአገራቸውን ነገር ጽፈው አቈይተዋል። ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ባለችው በዌልስ የተወለደ ጄራልድ የሚባል ካህን፣ በ1188 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ከባልድዊን ጋራ አገሩን ዞረ። ከዚህም በኋላ ስለ ጕዞውና ስለ ሕዝቡ ጠባይ ሁለት መጻሕፍትን በላቲን ቋንቋ ጻፈ። የዌልስ ሰዎችም የዚያን ዘመን ኑሯቸውን ከእርሱ መጻሕፍት ይማራሉ። የእኛ አባት ግን ስለ አገሩ ብለው ለብቻው መጽሐፍ አላዘጋጁም። የተዉልን ትምህርት ቤትና መጻሕፍት ነው፤ ታሪኩም የተገኘው በእነዚሁ መጻሕፍት ላይ ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው አርባዕቱ ወንጌል በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ እንደ ተሰጠ በራሱ ላይ ተጽፏል፤ ዘመኑም በእኛ አቈጣጠር 1273 ዓ.ም. ነው። የአባታችን ሥዕልም በዚያው መጽሐፍ ይገኛል። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት አበምኔቶች ደግሞ በባዶው ስፍራ ላይ የየዘመናቸውን ነገር ጨመሩበት። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1962 ዓ.ም. የሐይቅን አበምኔቶች ተራ ከ1248 እስከ 1535 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ለመዘርዘር የቻሉት ከዚህ ወንጌል ጽሑፎች በመነሣት ነው።

የዚህ ጥቅሙ ምንድር ነው? በ1262 ዓ.ም. ዐፄ ይኵኖ አምላክ በነገሡ ጊዜ በመካከል የቆሙት አባት ማን ናቸው ብለን ብንጠይቅ፣ በኋላ ዘመን የተጻፉት ገድላት በአንድ ቃል አይመልሱም። አንደኛው ወገን ለአቡነ ኢየሱስ ሞዐ፣ ሁለተኛው ወገን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። የወንጌሉ ጽሑፍ ይህን ክርክር አይፈታም። ነገር ግን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ዘመን በሐይቅ እንደ ነበሩና ለገዳማቸው መጽሐፍ እንደ ሰጡ፣ በሕይወታቸው ሳሉ የተጻፈ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ጥቂት መስመር ይህን ያህል ኃይል አለው።

ይህም ምስክር በብዙ መከራ ውስጥ አልፎ የደረሰ ነው። በ1524 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ሲወስድ ወንጌሉ ተርፏል። በንጉሡ በኢዮስያስ ዘመን ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ውስጥ ባገኘ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ንስሓ እንደ ተመለሰ እናውቃለን። መጽሐፉ የተገኘው ግን አስቀድሞ ያኖረው ሰው ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ ዙሪያ ያላችሁ ካህናት፣ እናንተም የሰበካ ሽማግሎች፣ ይህን ነገር ለራሳችሁ አድርጉት። አንደኛ፣ ያረጀ መጽሐፍ ለደጓሽ ሲሰጥ ኅዳጉ እንዳይቈረጥ፣ የተጻፈበትም ባዶ ቅጠል እንዳይጣል አስጠንቅቁ። ሁለተኛ፣ የቀድሞውን ጽሑፍ ፍቆ በላዩ አዲስ ስም መጻፍ የሙታንን ምስክርነት መግደል ነውና ይከልከል። ሦስተኛ፣ የመጽሐፉን ቅጠል ቈጥራችሁ፣ በላዩ ያለውንም የስጦታ፣ የርስትና የዘመን ጽሑፍ በሌላ መዝገብ ገልብጣችሁ አኑሩ። አራተኛ፣ ገንዘብ ይዞ አንዲት ቅጠል ብቻ ስጡኝ ለሚል ሰው አትስጡ። አንዲቷ ቅጠል የአጥቢያው ሕዝብ ታሪክ ሁሉ ልትሆን ትችላለችና።

የራያ ገበሬ ረኃብ ቢጸናበት እንኳ ከማሽላው መልካሙን ራስ ለይቶ ለዘር ያስቀራል፤ ዘሩን የበላ ሰው በሚመጣው ክረምት የሚዘራው የለውምና። በወንጌሎቻችን ላይ ያለው ጽሑፍም ለልጆቻችን የተቀመጠ ዘር ነው። ኅዳር 26 ቀን የአቡነ ኢየሱስ ሞዐን በዓል ስናከብር፣ የሰጡትን መጽሐፍ እያሰብን የእኛንም መጻሕፍት ከፍተን እንመርምር።

የአባታችን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን። አሜን።