እግር ለምን ያብጣል?

ሳይንስ ማለት የነገሮችን ምክንያት አይቶና መርምሮ ማወቅ ማለት ነው። በጨንቻ ደጋ የታወቀውን ዝሆኔን እንመልከት።

እግሩ ያበጠ ሰው ሲታይ አንዱ «ጎሜ ነው» ይላል፤ ሌላው «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላል። እኛም ሳንማር እንዲሁ እናምን ነበር። በዚህ ሰበብ በሽተኛው ከሰው ይገለላል፤ ልጁን የሚያገባም ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ይህን በሽታ መረመረ። የደጋው ዝሆኔ የሚይዘው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው መሆኑን አስተዋለ። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ አልፎ ይገባል፤ በእግር ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መተላለፊያ ይጎዳል፤ እግርም ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

ታዲያ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ለምን ይታመማል? ለአፈሩ በቀላሉ መጎዳት በዘር ስለሚወረስ ነው። እርግማን አይደለም።

ሳይንስ «አትጸልዩ» አይልም። «እግር ለምን አበጠ? ምንስ ይበጀዋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ይፈልጋል። እንጸልይ፤ እግራችንንም በሳሙና እንጠብ። ጫማ እናድርግ፤ ለልጆቻችንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ እናድርግላቸው። የታመመውን ጎረቤታችንን አናግልል፤ አብረነው እንብላ።