ስሙ ማን ይባል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾመ ነቢያትን ይዘናል። ከኅዳር 15 ጀምረን እስከ ልደት ዋዜማ የምንጾመው ይህ ጾም የመጠበቅ ጾም ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሕፃኑ ከመወለዱ 700 ዓመት ያህል አስቀድሞ ስሙን ተናግሯል (ኢሳ. 7፥14)። መልአኩም ለእመቤታችንም ለጻድቁ ዮሴፍም ሕፃኑ የሚጠራበትን ስም ነግሯቸዋል (ሉቃ. 1፥31፤ ማቴ. 1፥21)። በዚያ ቤት ስለ ስም ክርክር አልነበረም። በእኛ ቤት ግን አለ።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ጾም አንድ ባልና ሚስት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቀው አነጋገሩኝ። እርስዋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪም ወንድ እንደ ሆነ ነግሯቸዋል፤ ጭቅጭቁም የጀመረው ከዚያን ቀን ነው። ባል ከስልኩ ላይ ሃያ ያህል ስም ለቅሞ ጽፏል። ውጭ አገር ያለች እኅቱ ደግሞ ፈረንጅ አፍ የማይሰብረው አጭር ስም ይሁን ትላለች። «ሁሉም ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ነው መምህር» አለኝ ባል። ናባልም እኮ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው! ትርጉሙ ግን ሰነፍ፣ ጅል ማለት ነው (1ሳሙ. 25፥25)። ሳይጠይቁ ድምፁ ስላማረ ብቻ ስም ማውጣት ደግ አይደለም። እኛ ዘንድ ስም ከአንድ ሰው ጋራ አያልቅም፤ ነገ የልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያም የአያት ስም ይሆናል።

ዋናው ነገር ግን ይህ አልነበረም። የባል እናት «ምትኩ ይባል» ብለዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው በስምንት ወሩ ዐርፎባቸው ነበርና። ሚስት እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ምትኩ ባሉ ቁጥር የቀበርኩት ልጄ ነው የሚታየኝ። እርሱን የረሳሁት ይመስለኛል» አለችና አለቀሰች። ባል ከዚያ በፊት ይህን ከአፏ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

እንግዲህ እናቲቱን ለማጽናናት ብዬ አያቲቱን ልኮንን? አልችልም። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እያሉ መሰየም አባቶቻችን የኖሩበት ነው። ደግሞም ሔዋን ቃየል በገደለው በአቤል ፈንታ የተሰጣትን ልጅ ሴት ያለችው ምትክ አድርጋ ተቀብላው ነው (ዘፍ. 4፥25)። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያንን የተናገረችው ያዘነችው እናት ራስዋ ናት። ሌላ ሰው አልጫነባትም። ኀዘንተኛ ራሱ ወዶ የሚለውና ሌላው የሚለጥፍበት አንድ አይደለም።

ራሔልን ደግሞ እናስታውስ። በምጥ ላይ ሳለች ነፍሷ ልትወጣ ስትል ልጇን ቤንኦኒ፣ የኀዘኔ ልጅ አለችው። ያዕቆብ ሚስቱን እጅግ ይወዳት ነበር፤ ነገር ግን ስሙን ብንያም፣ የቀኝ እጅ ልጅ ብሎ ለወጠው (ዘፍ. 35፥18)። ኀዘኑን ለራሱ ያዘ፤ ሕፃኑን አላሸከመውም።

በኤልሳቤጥ ቤትም የመጡት ዘመዶች ክፉዎች አልነበሩም። ደስታዋን ሊካፈሉ የመጡ ናቸው። ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደዱ፤ እናቱ ግን ዮሐንስ ይባል አለች። ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ሞገቷት። ቃሏንም ትተው በምልክት አባቱን ጠየቁት። ዘካርያስ በሰሌዳ ላይ የጻፈው እርስዋ ያለችውን ነው፤ መልአኩ የነገረውም እርሱን ነበርና። ወዲያውም አንደበቱ ተፈታ (ሉቃ. 1፥57-64)። ባሎች ሆይ፣ ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት።

ከዚህ በኋላ ባልና ሚስቱን የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኋቸው። እርስዋ ተናገረች፤ ባል ግን አላወቀውም! እዚያው ስልክ ደውሎ እናቱን ጠየቀ። ይህ የእርሱ ብቻ ጉድ አይደለም። ስንት ቀብር ላይ ካህኑ ለፍትሐት «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሉ ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ አይተናል። የቤት ስም ለመምረጥ ወራት እንፈጃለን፤ ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ የምትሰጠውን ስም ግን ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከትተን እንረሳዋለን። ሥጋ ወደሙ ስንቀበል፣ ተክሊል ሲደረግልን፣ ስንሞትም የምንጠራው በዚህ ስም ነው። አማትና ምራት የማይጣሉበት ስምም ይኸው ነው፤ ካህኑ በዕለቱ በሚታሰበው ቅዱስ ስም ወልደ፣ ገብረ፣ ወለተ፣ አመተ እያሉ ይሰይማሉና።

«የመጀመሪያ ልጃችሁስ?» አልኳቸው። እናቲቱ ሳታመነታ «ወልደ ገብርኤል» አለች። ያ ስም በእግዚአብሔር ዘንድ አልተፋቀም። ወልደ ገብርኤል በፈጣሪው ዘንድ ሕያው ነውና ማንም ሊተካው አይወለድም፤ የሚመጣውም ልጅ ራሱን ሆኖ ይመጣል። ይህን ብያቸው ለንስሐ አባታቸው እንዲነግሩ መክሬ ሸኘኋቸው።

የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት ተወለደ። በ40 ቀኑ ካህኑ ወልደ ኪዳን አሉት። በቤት ናትናኤል ይሉታል፤ እግዚአብሔር ሰጠ ማለት ነው፤ እናቱ ናት ያወጣችለት። አያቱ ግን እስከ ዛሬ «ና የኔ ምትክ» ነው የሚሉት። እናቱም ፈገግ ብላ ታቀብላቸዋለች።