የካርቦን ናኖቱዩቦችና የኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ቁሶች የብርሃን ባሕርያት፦ በኤክሳይቶን ላይ የተመሠረተ ንጽጽር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ባለአንድ ግድግዳ የካርቦን ናኖቱዩቦችም ሆኑ ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ቁሶች የብርሃን ባሕርያቸውን የሚያገኙት በካርቦን አቶሞች ላይ ከተዘረጉት የፓይ ኤሌክትሮኖች ነው። ይሁን እንጂ ኦርጋኒክ ቁሶች በስልክና በቴሌቪዥን ገጾች ላይ ሲያበሩ ናኖቱዩቦች ግን ከዋጡት ብርሃን መልሰው የሚሰጡት ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት ይመረምራል። ዋናው መከራከሪያም የብርሃን ምርቱን የሚወስነው የቁሱ ንጽሕና ብቻ ሳይሆን ኤክሳይቶኑ ከመጥፋቱ በፊት ምን ያህል እንደሚጓዝ ጭምር ነው የሚል ነው። በመጨረሻም ሁለቱ የቁስ ዓይነቶች የሚገናኙበት መንገድና በልኬት ወቅት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች ተመልክተዋል።

1. መግቢያ

ሱሚዮ ኢጂማ ባለብዙ ግድግዳ የካርቦን ናኖቱዩቦችን እ.ኤ.አ. በ1991 ካስተዋወቀ በኋላ ባለአንድ ግድግዳ ቱቦዎች በ1993 ተገኝተዋል። በኦርጋኒክ ቁሶች በኩል ደግሞ የኮዳክ ተመራማሪዎች ታንግና ቫን ስላይክ ከ10 ቮልት ባነሰ ግፊት የሚያበራ ባለሁለት ንብርብር ስስ መሣሪያ በ1987 አቅርበዋል። በ1990 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ብርሃን በፖሊመር ሊመነጭ እንደሚችል አሳይተዋል። ሁለቱ የምርምር መስኮች ለብዙ ዓመታት ተለያይተው አድገዋል፤ አንዱ በጠጣር ነገር ፊዚክስ ቋንቋ፣ ሌላው በሞለኪውል ኬሚስትሪ ቋንቋ ሲነገር ቆይቷል። ዛሬ ግን የሁለቱም ማዕከላዊ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ነው፤ እርሱም ኤክሳይቶን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መሳሳብ የተጣመሩ ኤሌክትሮንና ቀዳዳ ነው።

2. የናኖቱዩብ የብርሃን ሽግግሮች

የአንድ ናኖቱዩብ መዋቅር የግራፊኑ ገጽ በምን አቅጣጫ እንደተጠቀለለ በሚያመለክቱ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ይገለጻል። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ለ3 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ቱቦው ብረታዊ ነው፣ ወይም እጅግ ጠባብ የኃይል ክፍተት ይኖረዋል። ካልሆነ ከፊል አስተላላፊ ነው። ስለዚህ ያልተለየ ናሙና ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከፊል አስተላላፊ ይሆናል።

ኤሌክትሮኑ በነጻነት የሚንቀሳቀሰው በቱቦው ርዝመት ብቻ በመሆኑ የኃይል ደረጃዎቹ ጥግግት በተወሰኑ ቦታዎች ላይ በስለት ከፍ ይላል። ብርሃን የመዋጥ ስፔክትረሙ በጠባብ ጫፎች የተሞላው ከዚህ የተነሣ ነው። ለምሳሌ (6፣5) የተባለው ቱቦ ዲያሜትሩ 0.75 ናኖሜትር ገደማ ነው። የቁጥሮቹ ልዩነት 1 ስለሆነ ከፊል አስተላላፊ ነው። አንደኛው ሽግግሩ 980 ናኖሜትር አካባቢ (1.27 ኤሌክትሮን ቮልት)፣ ሁለተኛው ደግሞ 570 ናኖሜትር አካባቢ (2.18 ኤሌክትሮን ቮልት) ይገኛል። በሁለተኛው ሽግግር ብርሃን የዋጠ ቱቦ ወዲያውኑ ወደ አንደኛው ደረጃ ይወርድና በቅርብ ታህተ ቀይ ብርሃን ይለቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 በራይስ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩት ጥናቶች ይህን ፍሎረሰንስ ያሳዩት ቱቦዎቹን በውሃ ውስጥ ሳሙና መሰል ሞለኪውሎች በመሸፈንና አንዱን ከሌላው በመነጠል ነበር። የመዋጫውና የማመንጫው የሞገድ ርዝመት በጥንድ ሲነበብ የእያንዳንዱን ቱቦ መዋቅር ለመለየት ያስችላል።

ቀላሉ ባለአንድ ኤሌክትሮን ሞዴል የሁለተኛው ሽግግር ኃይል የአንደኛው እጥፍ እንዲሆን ይጠብቃል። በ(6፣5) ግን ንጽጽሩ 1.72 ያህል ነው። የአንድ ቱቦ ልዩነት በከፊል ከጥቅለላው አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም ይህ ተጽዕኖ በሚቀንስባቸው ሰፊ ቱቦዎች ዘንድም ንጽጽሩ 2 አይደርስም። ይህ የኤሌክትሮኖችን እርስ በርስ ተጽዕኖ ችላ ማለት እንደማይቻል የጠቆመ ምልክት ነበር። በ2005 በሁለት ፎቶኖች መነሣሣት የተደረጉ ልኬቶች የኤክሳይቶኑን የትስስር ኃይል 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ አድርገው አረጋግጠዋል። በክፍል ሙቀት ያለው የሙቀት ኃይል 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ስለሆነ ትስስሩ ከእርሱ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ናኖቱዩብ ብርሃን ሲውጥ የሚፈጠረው ነጻ ኤሌክትሮን ሳይሆን ኤክሳይቶን ነው።

3. ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ቁሶች

በኦርጋኒክ ቁሶች ውስጥ ኤክሳይቶኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሞለኪውል ወይም በፖሊመሩ አጭር ክፍል ላይ ታስሮ ይቀመጣል። ሞለኪውሉም ሲነሣሣ ቅርጹን ይለውጣል፤ በዚህም ከኃይሉ ከፊሉ ወደ ንዝረት ይሄዳል። በኮዳክ መሣሪያ ያገለገለው የአልሙኒየም ኩዊኖሊን ውሑድ 390 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ውጦ 520 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በናኖቱዩብ ግን በአንደኛው ሽግግር የመዋጫውና የማመንጫው ጫፎች ከሞላ ጎደል ይደራረባሉ፤ ጥቅጥቁ የካርቦን መረብ በመነሣሣት ብዙ አይዛባምና።

የኦርጋኒክ መሣሪያዎች ዋና እንቅፋት የስፒን ሕግ ነው። በኤሌክትሪክ የሚገቡ ኤሌክትሮንና ቀዳዳ ሲጣመሩ በአማካይ አንዱ ሲንግሌት፣ ሦስቱ ትሪፕሌት ይሆናሉ፤ በተለመዱት ቁሶች ብርሃን የሚሰጠው ሲንግሌቱ ብቻ ነው። ይህ የ25 ከመቶ ወሰን በሁለት መንገዶች ታልፏል። የመጀመሪያው ከ1998 ጀምሮ እንደ ፕላቲነምና ኢሪዲየም ያሉ ከባድ አቶሞችን በመጠቀም ትሪፕሌቱ ራሱ እንዲያበራ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በ2012 በጃፓን በአዳቺ ቡድን በጉልህ የታየው ሲሆን የሁለቱን ደረጃዎች ልዩነት እጅግ በማጥበብ ትሪፕሌቱ በሙቀት ተገፍቶ ወደ ሲንግሌት እንዲመለስ ያደርጋል።

4. ብርሃኑ የት ይጠፋል?

የመጀመሪያዎቹ የናኖቱዩብ መፍትሔዎች የብርሃን ምርት 0.1 ከመቶ ገደማ ነበር። በተሻለ ዘዴ የተዘጋጁ ናሙናዎች አንድ ከመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ከተመረጡ ኦርጋኒክ ቁሶች ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ለዚህ ሁለት ዋና ምክንያቶች ይጠቀሳሉ።

አንደኛው የደረጃዎቹ አቀማመጥ ነው። ከስፒንና ከግራፊን መዋቅር ከሚመጣው ድርብነት የተነሣ በዝቅተኛው ደረጃ 16 የኤክሳይቶን ሁኔታዎች ይገኛሉ፤ ብርሃን በቀጥታ የሚሰጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ከብሩሁ ሁኔታ በታች ስለሚገኙ ኃይሉ ወደ እነርሱ ወርዶ ይታገዳል።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። በኦርጋኒክ ቁሶች ኤክሳይቶን የሚጓዘው በተለምዶ 10 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን በናኖቱዩብ ላይ ግን 100 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። መንገዱ አንድ መስመር ብቻ በመሆኑ ጉድለት ቢያጋጥመው የሚዞርበት ሌላ መንገድ የለም። የቱቦው ጫፍ፣ የተሰበረ ትስስር ወይም የተጠጋ ብረታዊ ቱቦ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በሌላ አነጋገር በኤሌክትሮኒክስ ዘንድ የሚመሰገነው ፈጣን እንቅስቃሴ በብርሃን ማመንጨት ረገድ ዕዳ ይሆናል።

ይህ አገላለጽ ትክክል ከሆነ ኤክሳይቶኑን ማስቆም ብርሃኑን መጨመር ይኖርበታል። በ2013 የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል። በቱቦው ግድግዳ ላይ ጥቂት ኬሚካላዊ ቡድኖች ሲተከሉ ብርሃኑ እስከ 28 እጥፍ ጨምሯል። በ(6፣5) ቱቦ ላይ እንዲህ ያለው ጉድለት ከ1100 ናኖሜትር በላይ አዲስ የማመንጫ ጫፍ ይፈጥራል። የወጥመዱ ጥልቀት ከሙቀት ኃይል በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የተያዘው ኤክሳይቶን በቀላሉ አያመልጥም፤ ወደ ጨለማ ጉድለቶች ከመድረሱ በፊትም ብርሃን ይሰጣል። ጉድለቶቹ ከልክ ሲበዙ ግን የቱቦው የራሱ መዋቅር ስለሚፈርስ ብርሃኑ መልሶ ይቀንሳል። በዚህ ዘዴ ናኖቱዩብ የሞለኪውልን ጠባይ በከፊል ይዋሳል ማለት ይቻላል።

5. የሁለቱ ቁሶች መገናኛ

እ.ኤ.አ. በ2007 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ፖሊፍሎሪን በቶሉይን ውስጥ ከፊል አስተላላፊ ቱቦዎችን መርጦ እንደሚጠቀልል አሳይተዋል። ብረታዊዎቹ ቱቦዎች በማሽከርከር ተለይተው ይዘቅጣሉ። እዚህ ላይ ብርሃን አመንጪው ፖሊመር የመለያ መሣሪያም ሆኖ ያገለግላል። ፖሊመሩ ሲነሣሣ ኃይሉን ለተጠቀለለው ቱቦ ስለሚያስተላልፍ ሰማያዊው ብርሃን ይደበዝዛል፤ ቱቦው ደግሞ በታህተ ቀይ ያበራል። ስለሆነም የፖሊመሩ ብርሃን መቀነስ ብቻውን የቁሱ መበላሸት ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

6. በልኬት ወቅት የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎች

በመጀመሪያ፣ የሲሊከን መቀበያ ከ1000 ናኖሜትር በላይ ትብነቱ በፍጥነት ስለሚቀንስ የ(6፣5) ቱቦ ጫፍ ወደ አጭሩ የሞገድ ርዝመት ያዘነበለ መስሎ ሊታይ ይችላል። የመሣሪያው ምላሽ ካልታረመ ወይም ኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ መቀበያ ካልዋለ የሁለት ናሙናዎች ንጽጽር አሳሳች ነው። ሁለተኛ፣ የመዋጫውና የማመንጫው ጫፎች ስለሚደራረቡ የተከማቸ መፍትሔ የራሱን ብርሃን መልሶ ይውጣል፤ ልኬቱ በቀጠነ መፍትሔ ሊደገም ይገባል። ሦስተኛ፣ ቱቦዎች ተጣብቀው ከሆነ ብርሃኑ በብረታዊ ጎረቤት ይጠፋል፤ በመሆኑም ደካማ ብርሃን የቱቦው ባሕርይ ነው ከመባሉ በፊት የመነጠሉ ጥራት መረጋገጥ አለበት። አራተኛ፣ በኦርጋኒክ ቁሶች በኩል ኦክስጅን ትሪፕሌቶችን ስለሚያጠፋ በአየር ውስጥና ከአየር ውጭ የተገኙ ውጤቶች ተለይተው መመዝገብ አለባቸው።

7. መደምደሚያ

የሁለቱ ቁሶች ልዩነት በካርቦኑ ሳይሆን በካርቦኑ አደረጃጀት ላይ ነው። ሞለኪውል ኤክሳይቶኑን አስሮ ስለሚይዝ በብዛት ያበራል፤ ሆኖም ማሰሪያው ስፔክትረሙን ያሰፋል፣ ከኃይሉም ከፊሉን ለንዝረት ይከፍላል። ናኖቱዩብ ጠባብ የማመንጫ ጫፍና መዋቅሩን የሚናገር ስፔክትረም ይሰጣል፤ ነገር ግን ኤክሳይቶኑን ነጻ ስለሚለቅ ያባክነዋል። በልክ የተተከሉ ጉድለቶች የሁለቱን ጥቅሞች ሊያስታርቁ እንደሚችሉ ማስረጃው ያመለክታል። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ጉድለትን እንዴት እናስወግድ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ጉድለት፣ በምን ያህል ርቀትና በየትኛው ቦታ ይተከል የሚልም ይሆናል።